ተምረን ስላልሠራንበት ትምህርት

በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ ክፍል ጠመንጃ ያዥ የሚባል ሰፈር እንዳለ ብዙዎች አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ስሙ እንደሚያመለክተው፥ በዳግማዊ አጤ ምኒልክ ዘመን ከተማይቱ ስትቈረቈር የቤተ መንግሥቱ ሰው ሁሉ በየሙያው ቦታ እየተመራ ይሰፍር ስለ ነበረ፥ ጠመንጃ የሚይዙት ሰዎች ርስት የተመሩበት ስፍራ ነው። ሠራተኛ ሰፈርም፥ ዘበኛ ሰፈርም እንደዚሁ በሙያ የተጠሩ ናቸው። ዛሬ በዚያ ሰፈር የሚያድግ ልጅ፥ ጠመንጃ ያዥ ምን ዓይነት ሹመት እንደ ነበረ ቢጠየቅ የሚመልሰው አይኖረውም። በየመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ያዥ አለ፥ ንብረት ያዥም አለ፤ ጠመንጃ ያዥ ግን የሰፈርና የታክሲ መጥሪያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ጠመንጃ መያዝ ለዛሬ ሰው ሙያ መስሎ አይታየው ይሆናል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በልጅነት ገብተው በአገልግሎት የሚማሩት ነገር ነበረ። ስናድሩን ከውጅግራው፥ ውጅግራውን ከምንሽሩ መለየት ያስፈልጋል፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንምና። ቅባቱን፥ መወልወያውን፥ የነገቱን ጠፍር ማወቅ፥ ከጌታው በስንት ርምጃ ርቆ መሄድ እንዲገባ፥ ሲጠየቅም አፈ ሙዙን ወዴት አዙሮ ማቀበል እንዲገባ መልመድ ግድ ነበረ። ይህ ሁሉ ዕውቀት በአንድ ትውልድ ውስጥ ዋጋ አጣ። በ1927 ዓ.ም. በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት በስዊድን መኰንኖች አስተማሪነት ሲከፈት፥ ወታደር ጠመንጃውን ራሱ የሚይዝበት፥ ራሱ የሚፈታበትና ራሱ የሚገጥምበት ሥርዓት ገባ፤ የጌታን ጠመንጃ ተሸክሞ መከተልም ለበዓልና ለክብር ካልሆነ በቀር የሚፈለግ ነገር አልሆነም።

ይሁን እንጂ ስለ ጠመንጃ ያዦቹ የምናዝንበት ምክንያት የለም። የተማሩትን ሠርተውበታል፤ በልተውበታል፤ ርስት ተመርተውበታል። ገና ሲጀምሩም ለማን እንደሚማሩና ለምን እንደሚማሩ ያውቁ ነበር። በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣው ያሰብነው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ፥ አንዱን መንግሥት ሌላው ሲተካው፥ አንዱን አለቃ ሌላው ሲሽረው፥ እየተጠራ የሚማረውና አንድም ቀን ሳይሠራበት የሚረሳው ትምህርት ነው። የቤተ ሰብ ጉዳይ ነውና ከራሳችን ቤት እንጀምራለን።

አባታችን በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ ተማሩ። በዚያን ጊዜ ይህ ትልቅ ማስተዋል ነበረ እንጂ ከንቱ ነገር አልነበረም። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የባቡሩ መሥሪያ ቤት ወረቀት በፈረንሳይኛ ነበረ፤ በፖስታው ቴምብር ላይም ከአማርኛው ጋር የሚታተመው ፈረንሳይኛ ነበረ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ የመጡ የቅብጥ መምህራን የውጭ ቋንቋ ያስተምሩ ጀመር፤ በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በስማቸው ባቋቋሙት ትምህርት ቤትም ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ስለዚህ አያታችን ልጃቸውን ፈረንሳይኛ ወደሚያስተምር ቤት ሲልኩ፥ ለመንግሥት ሥራ እንዲበቃ ማድረጋቸው ነበረ። ልጁም ግሱን በየጊዜው እየለየ፥ ወንዴውንና ሴቴውን ስም እየከፈለ ብዙ ዓመት ለፋ።

ከዚያም 1928 ዓ.ም. መጣ። ጠላት ከተማውን በያዘ ጊዜ የትምህርቱ ነገር ተገለበጠ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ለጣልያን ልጆች ተሰጠ፤ ለአገሬው ልጅ የተከፈተው ትምህርት ቤት ደግሞ ጣልያንኛውን፥ እጅ አንሥቶ የሮማን ሰላምታ መስጠቱንና ለዱቼ መዘመሩን የሚያስተምር ነበረ። አባታችን በዚያን ጊዜ ሙሉ ሰው ስለ ነበሩ ከልጆች ጋር አልተቀመጡም፤ ለእንጀራ ያህል የሚሆን ጣልያንኛ ግን ለመዱ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ፥ መንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በአዲስ ሲያቋቁም የውጭ ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆነ። አባታችንም ጽሕፈት ቤት ውለው ማታ ማታ ከልጆች ጋር ተደባልቀው ለሦስተኛ ጊዜ ከፊደል ጀመሩ። በእርጅናቸው ገንዘብ ሲቈጥሩ ግን የሚቈጥሩት በፈረንሳይኛ ነበረ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ብናክል አንባቢ ይቅርታ ያድርግልን። ጣልያን በትምህርት ቤት ወንበር ላይ በግድ ያስተማረው መዝሙር አንድም ሳይቀር ጠፍቷል። በየጋራዡ በዘይት የተጨማለቁ ልጆች፥ ማንም ሳያስተምራቸው ከሥራው ጋር የለቀሙት ቃል ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራል፤ ካቻቢቴ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ጎሚስታ እያልን መኪናችንን እናሠራለን። ቃሉ ከመሣሪያው ጋር ስለ ተሰጣቸው ነው።

የዘመን መለወጥ ትምህርትን ዋጋ የሚያሳጣው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የኦክስፎርድና የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ላቲን የማያውቅ ተማሪ አንቀበልም ይሉ የነበረውን ደንብ የተዉት እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪም ለመሆን የሚፈልገውም፥ መሐንዲስ ለመሆን የሚፈልገውም የቄሣርን ጦርነት በላቲን ሲተነትን ያድር ነበር። ልዩነቱ፥ የእነርሱ ላቲን በአንድ ቦታ ለብዙ መቶ ዓመት ቆየ፤ የእኛ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት ጊዜ ተቀየረ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ በወጣትነታችን የተማርነው የጽሕፈት መኪና ነበረ። ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ፥ በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ፥ በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤትና በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ይገኛሉ፤ ከእነዚህ የወጣ ልጅ ሥራ አያጣም ይባል ስለ ነበረ፥ ወደነርሱ ያልደረሰው ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ማታ በየቤቱ ታይፕ ይማር ነበር። የአማርኛ ፊደል ከ200 በላይ ሆኖ ሳለ በመኪናው ላይ ያሉት ቍልፎች ጥቂቶች ናቸው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ለማስገኘት የደከሙትም በዚሁ ችግር ምክንያት ነው። የፊደሉን አካል አንድ ጊዜ፥ ቅጥያውን ሌላ ጊዜ መምታት ያስፈልግ ስለ ነበረ፥ ጣታችን ያን ሁሉ ቦታ እስኪለምድ ሦስት ወር ፈጀብን፤ ዐይናችንን በጨርቅ ሸፍነው ሳይቀር አስለመዱን። ኋላ ኮምፒውተር ሲመጣ ቍልፉ በላቲን ፊደል ድምፅ የሚመታ ሆነ፤ የለመደው ጣት ካለመደው ይልቅ ተቸገረ። ከኮርሱ የቀረልን ጥቅም ቢኖር ጀርባን ቀጥ አድርጎ መቀመጥ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ተለይቶናል።

በተመሳሳይ ዘመን እኅቶቻችን የቤት አያያዝ ይማሩ ነበር። በዚህም ምክንያት ቤተ ሰባችን ኬክ እንዴት እንደሚጋገር በጽሑፍ ያውቅ ነበር፤ ዱቄቱ በኩባያ፥ ቅቤው በማንኪያ፥ እሳቱ በዲግሪ ተጽፏል። በቤታችን ያለው ግን ሦስት ጕልቻና አንድ የከሰል ምድጃ ነው። ደብተሩ በጣም ያማረ ስለ ነበረ አልተጣለም። ዳንቴል የሠሩበት ጊዜ ግን ዋጋ አላጣም፤ ወንበሩም፥ ጠረጴዛውም፥ ራዲዮኑም ለብሷል፤ ለሰርግም ተሰጥቷል።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ስለ መጣው ትምህርት በዝርዝር እንድንናገር ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የበለጠ ሰዓት የወሰደ እርሱ ነውና። በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ተቋቋመ፤ በየሳምንቱም ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ይሰበሰብ ነበር። የኅብረተሰብ ዕድገት ከጋርዮሽ ሥርዓት ተነሥቶ፥ በባሪያ አሳዳሪ፥ በፊውዳልና በካፒታሊስት ሥርዓት በኩል ዐልፎ ወዴት እንደሚደርስ ተማርን። የማርክስንና የሌኒንን መጻሕፍት ከሞስኮ በአማርኛ ታትመው ሲመጡ በርካሽ ገዛን። አስተማሪውም በጥድፊያ ሠልጥኖ የመጣ ባልንጀራችን ስለ ነበረ፥ ጥያቄ ስንጠይቀው የሚያነበው ያንኑ ገጽ ነበር። የቀረ ሰው ስሙ ይመዘገባል፤ ያንቀላፋም ሂስ ይቀርብበታል። ስለዚህ ከዚያ ትምህርት ሁላችንም በሚገባ የቀሰምነው ነገር ዐይንን ገልጦ መተኛት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር መንግሥቱ ሲወድቅ፥ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መጻሕፍቱ በየመንገዱ ኦቾሎኒ ሲጠቀለልባቸው አየን። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት ተቀምጠንበታል፤ ሒሳቡን አንባቢ ያውጣው።

ስለዚያ ዘመን የሚነገረው ይህ ብቻ ቢሆን ግን ፍርዳችን ጐደሎ በሆነ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ እየሰፋም ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም ከዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። በእኛም ቀበሌ አዳራሽ ማታ ማታ ጥቁር ሰሌዳ ቆመ። እናታችን በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበረ። እርሳስ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የጎረቤት ሴቶችም እንደዚሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይሣሣቁ ነበር። የሚያስተምሯቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፥ የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ልጅ ነበረ፤ እርሱም «እማማ፥ ይቺን አንዴ ድገሙልኝ» እያለ ያለማምዳቸዋል፤ እርሳቸውም «እሺ የኔታ» ይሉት ነበር።

በስንተኛው ወር እንደ ሆነ ጊዜውን ባናስታውስም፥ እናታችን ከኅብረት ሱቅ ስኳር ይዘው ሲመለሱ የመዝገብ ካርዳቸውን በመብራት አጠገብ ይዘው ቆዩ። 2 ኪሎ ተሰጥቷቸው 3 ኪሎ ተጽፎ ነበር። ወደ ኋላ እየገለጡ ሲያነቡ ያለፈውም ወር እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። በማግስቱ የሰፈሩን ሴቶች ካርድ ሁሉ እየተቀበሉ አነበቡ፤ ነገሩም በቀበሌው ስብሰባ ተነሣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለስኳሩም፥ ለዘይቱም፥ ለሳሙናውም የአውራ ጣት አሻራ ነበር የሚያኖሩት፤ ከዚያ ወዲህ በአሻራ የፈረሙበት ወረቀት የለም።

እዚህ ላይ ስለ አባታችን ያለንን ቅሬታ ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ ሙታንን መውቀስ ባይገባም ነገሩ የብዙ ቤት ነውና። ሦስት የውጭ ቋንቋ የተማሩ ሰው፥ ከ30 ዓመት በላይ አብረዋቸው ለኖሩት ለባለቤታቸው ሀ ሁን አላስተማሩም። ክፋት ስላለባቸው አይደለም፤ ትምህርት ማለት ከበላይ ታዞ የሚመጣና ለሹመት የሚሆን ነገር ነው ብለው ስላደጉ፥ በቤታቸው ውስጥ የሚፈለገው ትምህርት የትኛው እንደ ሆነ ለማየት አልተመለከቱም። እናታችን ግን በአንድ ክረምትና በአንድ በጋ የተማሩትን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠሩበት።

በደመወዝ ያሳለፍነው የመጨረሻ ዘመናችን ደግሞ የሥልጠና ዘመን ነበረ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቢፒአር የሚባለው የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፤ እርሱን ቢኤስሲ ተከተለው፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ ከጃፓን የመጣውን ካይዘን ተማርን። ለፋብሪካ ሰው ካይዘን እንደሚጠቅም እናምናለን። ነገር ግን ማጣራት፥ ማስቀመጥ፥ ማጽዳት እየተባለ በስላይድ ሲነገረን፥ የእናታችንን ጓዳ ያየን ሰዎች ከመሣቅ በቀር ምን እናደርጋለን? በርበሬው በበርበሬ ቦታ፥ ሽሮው በሽሮ ቦታ፥ ድስቱም ታጥቦ ተደፍቶ ነው ያደግነው።

ስለ ቢፒአር የምናስታውሰው፥ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ትልቁ ወረቀት ነው። ባለጉዳዩ የሚያልፍበት መንገድ በቀስት ተሥሎ፥ በፊት ሳምንት የሚፈጀው ነገር ከእንግዲህ በደቂቃ ያልቃል ተብሎ ተጻፈ። ያንን ለመማር ግን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ወደ አዳማ፥ ሌላ ጊዜም ወደ ቢሾፍቱ ወረደ። በዚያ ሳምንት ከሩቅ አውራጃ የመጣው ባለጉዳይ ከዘበኛው የሚሰማው መልስ «ሥልጠና ላይ ናቸው» የሚል ነበረ። ምሳውን በቦርሳው ይዞ በደጃፉ የተቀመጠውን ያን ሽማግሌ ቀስቱ አላገኘውም።

ሠራተኛው ለምን አይቀርም የሚል ሰው ቢኖር፥ መልሱ በአበሉ ውስጥ ነው። አበልን አንንቅም፤ የደመወዝ ጐደሎ የሚሞላው በእርሱ ነው፤ የልጅ ደብተር የተገዛበት፥ የቤት ኪራይ የተከፈለበት አበል ብዙ ነው። ነገር ግን ሰው ለመማር ሳይሆን ለመቀመጥ ሲከፈለው፥ የሚማረው ነገር ምንም ቢሆን ግድ የለውም፤ አስተማሪውም ይህን ያውቃል፤ አዘጋጁም ያውቃል። ከምሳ በኋላ ያለው አዳራሽ ይመሰክራል። በመጨረሻው ቀን የሚታደለው መጠይቅ «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» ይላል፤ ሁላችንም «በጣም ጥሩ» ብለን እንሞላለን፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ሥልጠና በሌላ ስም ይመጣል። በእውነት ለማወቅ የሚፈልግ አለቃ ካለ ከስድስት ወር በኋላ ወደ ሠራተኛው ጠረጴዛ ሄዶ «ከተማርከው አሁን የምትሠራበትን አሳየኝ» ቢለው ይበቃ ነበር። በአገልግሎት ዘመናችን ሁሉ እንዲህ ብሎ የመጣ አልገጠመንም፤ ይህን የሚያነቡ ሹማምንት ግን ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ወጪም የለበትም።

ስለ ምስክር ወረቀቶቹም ባለቤታችን በተደጋጋሚ ጠይቀውናል። አንድ የልብስ መሳቢያ ሞልተዋል፤ ማኅተማቸውም ያማረ ነው። ጡረታ ከወጣን ወዲህ አንድም ሰው አሳዩን ስላላለ፥ መሳቢያው ለልጅ ልጆቻችን ልብስ እንዲለቀቅ ተወስኗል።

የልጆቹም ነገር ከዚህ አይለይም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ የሚባለው ትምህርት ገብቶ፥ አስተማሪው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲፈቀድለት፥ ተማሪው ደግሞ በማይገባው ፈጣን እንግሊዝኛ ሲያዳምጥ፥ ወላጅ ሁሉ ዘመናዊ ነው ብሎ ተደስቶ ነበር። መስኰቱን አቋርጦ ጥያቄ መጠየቅ አይቻልም። ዛሬ ያ መስኰት በብዙው ቦታ ጨልሟል።

አሁን ደግሞ ክረምት በመጣ ቍጥር ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያስመዘግቡበት ትምህርት ሞልቷል፤ ማጠናከሪያ፥ የቻይና ቋንቋ፥ አባከስ፥ ፒያኖ፥ ኮዲንግ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ ስለ ኮዲንግ የማይጠይቅ ወላጅ የለም። ከእነዚህ የትኛው እንደ ጽሕፈት መኪናው እንደሚሆንና የትኛው እንደ እናታችን ፊደል እንደሚሆን ከወዲሁ ለመናገር ነቢይ መሆን ያሻል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ልጁ ሰኞ የተማረውን ማክሰኞ በቤት ውስጥ የሚሠራበት ነገር አለን? ፒያኖ የሚማር ልጅ የሚነካው ፒያኖ ከሌለ፥ ከእኅቶቻችን የኬክ ደብተር በምን ይለያል? ኮዲንግ የሚማረውም ልጅ የሱቁን የዱቤ ሒሳብ ቢያሰናዳ፥ የዕድሩን የመዋጮ መዝገብ ቢያስተካክል፥ አያቱም ሆኑ ጎረቤቱ የሚጠቀሙበት ነገር ሠራ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ክፍያውን ሳናጕረመርም እንከፍላለን።

በቤታችን ለመጪው ክረምት ለልጅ ልጃችን አምስት ትምህርት ቀርቦላት ነበር። ከእናቷ ጋር ተነጋግረን ሦስቱን ሠርዘናል። አራተኛው፥ ማለት ፒያኖው፥ ገና አላለቀም፤ ልጅቷ የጎረቤት ቤተ ክርስቲያን በገና የሚያስተምሩ ሰው እንዳሉ ሰምታ፥ በገናስ ቢሆን የሚሰቀልበት ቦታ አለን ብላ ጠይቃናለች።